የመስታወት ቆራጩ ጃንጥላ

በዚያ ሰፈር መስኮቱ የተሰበረበት ሰው መጀመሪያ የሰበረውን ይረግማል፤ ቀጥሎ ጋሽ ቀስን ያስጠራል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና ግብር ሰብሳቢው ብቻ ናቸው ይባል ነበር። ቅጽሉ የመጣው ከሥራው ነው። መስታወት ተሸክሞ ሲያልፍ ከፊቱ ለሚመጣው ሁሉ፣ ለሰውም ለብስክሌትም ለውሻም፣ «ቀስ! ቀስ!» እያለ ስለሚሄድ መንገደኛው ሳያየው በፊት ይሰማው ነበር። እያደር ስሙ ቀስ ሆኖ ቀረ። ጠጉሩ ገብስማ ሲሆን ደግሞ ሰፈሩ «ጋሽ» የሚለውን ጨመረለት።

ሱቁ ጠባብ ነበረች። ከበሩ በስተግራ መስታወቶቹ በመካከላቸው አሮጌ ጋዜጣ እየገባ በእንጨት መደርደሪያ ላይ በጎናቸው ቆመዋል። መሐል ላይ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ሰፊ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የስቱኮ ቆርቆሮና መጥረጊያ። መቁረጫው ከጣት የማይበልጥ፣ ጫፉ አልማዝ፣ እጀታው በላብ የጠቆረ ነገር ነው። ጫፉን ላምባ ውስጥ ነከር ያደርግና ማስመሪያውን ተከትሎ መስታወቱ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጭራል። ሁለት ጊዜ አይጫርም፤ መስመሩን የደገመ ሰው መስታወቱ በፈለገው በኩል ይሄድበታል። ከጫረ በኋላ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ይስብና በሁለት እጁ ይዞ ቀጭ! ያደርገዋል። አብዛኛውን ጊዜ በመስመሩ ላይ ይለያል። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ያላየው ጉድፍ ውስጡ ተኝቶ ይቆይና ወደ ጎን ይዘልቃል። ያን ጊዜ ጋሽ ቀስ አይራገምም። «ጭረቱ የኔ ነው፤ ስብራቱ የመስታወቱ ነው» ይልና ሌላ ያነሳል።

ቆርጦ ሲጨርስ በጣቱ አንጓ ኳ ያደርገዋል። ደህና መስታወት ይጠራል፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይቆያል። ስንጥቅ ያለበት ግን ድፍን ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይላል። የጠራውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ለባለቤቱ ሲያስረክብ ሁልጊዜ አንድ ቃል አለችው፦ «እነሆ፤ የሚሰበር ነገር ነው።»

ይህች ቃል ጠላት አፍርታለታለች። አንዲት ሙሽራ የመልበሻ መስታወቷን ልትወስድ መጥታ ይህን ስትሰማ፣ «በሠርጌ ዋዜማ ታሟርትብኛለህ!» ብላ መስታወቱን ጥላ ወጣች። እናቷ ተመልሳ መጥታ ወሰደችው። እየወሰደችም፣ «አንተ ግን ምላስህን ብትቆርጠው ምን አለበት፣ መቁረጫው በእጅህ ነው» አለችው። እሱ ሳቀ። መሟረቱ አልነበረም። ሰው የያዘውን ነገር ምንነት አውቆ ይያዝ ማለቱ ነው፤ ያወቀ ሰው ቀስ ብሎ ይይዛል።

ይህን አነጋገር ያመጣው ከአንድ ጡረታ ከወጣ አስተማሪ ቤት ነው። ያኔ ጎልማሳ እንኳ አልሆነም፤ ገና ያገባ ሰሞን ነው። አስተማሪው የመጻሕፍት ቁም ሣጥኑን በሮች በመስታወት ሊያሠራ ጠራው። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነበርና ጨዋታ ርቦት ነበር። እሱ እየለካ ሽማግሌው ያወራለታል። ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት በፊት በግሪክ አገር፣ በሥዕል ባጌጠ በረንዳ ሥር ቆመው ስለሚያስተምሩ ሰዎች ነገረው። ስማቸውም በግሪክኛ ስቶአ ከሚባለው ከዚያው በረንዳ መጣ፤ ስቶይኮች ተባሉ። ትምህርቱን የጀመረው መርከቡ የሰጠመችበት ነጋዴ ነው። ኋላ ከተነሡት ውስጥ አንዱ አንካሳ ባሪያ ነበር፤ አንዱ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት።

«ባሪያውም ንጉሡም አንድ ትምህርት?» አለ መስታወት ቆራጩ፣ ማስመሪያውን እንደያዘ።

«አንድ ትምህርት። በእጅህ ያለውንና በእጅህ የሌለውን ለይ ነው የሚለው። ሐሳብህ፣ ሥራህ፣ ጠባይህ በእጅህ ነው። ሌላው፣ ጤናውም ሀብቱም የሰው አፍም፣ በውሰት ነው። ባለቤቱ ሲጠይቅህ ሳታጉረመርም ትመልሳለህ።»

«ሚስትስ?»

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ወደዚያ አላየም፤ ግን ወደዚያ አለማየቱ ያስታውቅ ነበር።

«ሚስትም» አለ። «እንግዲህ አድምጠኝ። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ከበሩ ላይ ዞር በል። እያት። በውሰት እንደሆነች ለራስህ ንገረው። ቀስ ብለህ ነው ታዲያ፤ እንዳታስደነግጣት።»

«ምን ልበላት?»

«ምንም አትበላት። ማየት ብቻ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት መስታወት ቆራጩ ከበሩ ላይ ዞር አለ። ሚስቱ መሐረቧን እያሰረች ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግማሽ ፊቷ ላይ አርፋለች። በውሰት ናት አለ በልቡ። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ቆነጠጠው።

«ምን ረሳህ?» አለች።

«ምንም።»

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያች ቀን ወዲህ አንድም ጠዋት አላለፈውም። ታዲያ እንዴት ይንገራት? የትኛው ሙሽራ ነው ሚስቱን «ልትሞቺ ትችያለሽና ጠዋት ጠዋት እሰናበትሻለሁ» የሚላት? መስታወት ለሰው ሲሰጥ የሚሰበር ነው ለማለት ያልፈራ ሰው፣ ለሚስቱ ግን ቃሉ ከአፉ አልወጣ አለው። ነገ እነግራታለሁ ሲል ነገ ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም ተደራረበ።

ሚስቱን ከተማው ሁሉ ያውቃት ነበር፤ በመልክ ሳይሆን በድምፅ። በአውቶቡስ መናኸሪያው የድምፅ ማጉያ የሚነሡትንና የሚገቡትን የምታስታውቀው እሷ ናት። ሞቅ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበራት፤ የዘገየውን አውቶቡስ እንኳ ስትናገረው የሚመጣ ይመስል ነበር። ገበያ ላይ ዋጋ ስትጠይቅ ሰው ዞር ብሎ ያያታል፤ የት እንደሚያውቃት ጠፍቶት። ቤትም ስትገባ ሥራው አይለቃትም። «እራት የሚበሉ መንገደኞች፣ ማዕዱ ሊነሣ ስለሆነ በፍጥነት ወደ ጠረጴዛው!» ትላለች። ጠዋት ባሏ ሲወጣ ደግሞ፣ «ወደ መስታወት ቤት የሚሄዱ መንገደኛ፣ ዕቃዎ እንዳይረሳ ይጠንቀቁ» ትለዋለች። እሱም ከበሩ ላይ ዞር ይላል። «አየህ፣ ረሳህ! ምን ረሳህ?» «ምንም።»

እሷ ግን ምንም የሚለውን አላመነችውም። የረሳውን እንኳ ምን እንደሆነ የረሳ ሰው መሰላት። ስለዚህ በሩ አጠገብ አንዲት በርጩማ አስቀመጠች። በርጩማዋ ላይ ቁልፉን፣ መሐረቡን፣ መነጽሩን፣ የምሳ ዕቃውን ትደረድርለት ጀመር። እንዲያም ሆኖ ዞር ማለቱ አልቀረም። አንድ ነገር ጎድሎ ይሆናል ብላ በመጨረሻ ጃንጥላ ጨመረች። ጃንጥላው ትልቅ፣ ጥቁር፣ እጀታው የታጠፈ ነበር። መስታወት ቆራጩ ምስጢሩን ላለማውጣት ሲል ያስቀመጠችለትን ሁሉ ይዞ ይወጣል። በበጋው እሳት፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ እያለ፣ ጃንጥላውን አንጠልጥሎ ሱቁን ሲከፍት ጎረቤቱ ጫማ ጠጋኝ፣ «ጋሽ ቀስ፣ ላንተ ለብቻህ ነው እንዴ የሚዘንበው?» ይለው ነበር።

«ቢዘንብስ?» ይላል ጋሽ ቀስ።

ታዲያ አንድ ክረምት ላይ መናኸሪያው ውስጥ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ድምፅ ማጉያው ይሻክራል፤ የአውቶቡሱ ቁጥር አይለይም ተባለ። ባለሙያ ተጠርቶ ሽቦውን ቀየረ። ማጉያውን አውርዶ አጸዳ፤ መልሶም ሰቀለው። ሻካራው አለቀቀም። ማጉያው ደህና ነበር። የተበላሸው የሷ ጉሮሮ ነው።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር፤ ነገሩን አላድበሰበሰም። ዕጢ ነው አላቸው፤ ከድምፅ ማውጫዋ ጋር ካልወጣ በስተቀር አይለቅም። ከወጣ ትድናለች፤ ድምፅ ግን አይኖራትም። ካልወጣ ድምፁም ነፍሷም አብረው ይሄዳሉ። ጊዜም የለም። ሚስቱ አመሰገነችው። ደረጃውን ሲወርዱ የባሏን ክንድ ይዛ፣ «አልፈልግም» አለች። «እንደ ድምፅ ማጉያ ተነቅዬ መውረድ አልፈልግም።»

መስታወት ቆራጩ ክንዱን እንደያዘች ደረጃውን አወረዳት። ሲያሠለጥን የኖረው ልቡ እንደለመደው ነገሩን ለሁለት ከፈለው። አንገቱ የሷ ነው። ውሳኔውም የሷ ነው። የሱ ድርሻ ከጎኗ መቆም ነው። ሌሊቱን ትንፋሿን እያዳመጠ አደረ። ጠዋት ከበሩ ላይ ዞር አለ። በሻካራው ድምጿ «ምን ረሳህ?» አለችው። «ምንም» አለ፤ ጃንጥላውንም ያዘ። የዚያን ቀን የቆነጠጠው ነገር እንደ ሌላው ጊዜ ቶሎ አልለቀቀውም።

ከቀናት በኋላ ልጃቸው ሱቁ መጣች። ትዳር ይዛ ከከተማው ማዶ የምትኖር፣ እንደ እናቷ ምላሰኛ የሆነች አንድ ልጅ ነበረቻቸው። እሱ አንድ ሰፊ መስታወት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ማስመሪያውን አስተካክሎ ነበር።

«አባዬ፣ አሁንም መስታወት ትቆርጣለህ?»

«የሰው መስኮት ተከፍቶ ነው ያደረው ልጄ። ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። እማዬ እምቢ አለች፤ አንተስ ምን አልክ?»

«ውሳኔው የሷ ነው።»

«አወቅኋቸው! የበረንዳ ሰዎችህ ናቸው!» እሱ ሁልጊዜ የሚያነሳቸውን እነዚያን የጥንት ፈላስፎች እናትና ልጅ የሚጠሯቸው እንዲህ ነበር። «እነሱማ በረንዳ ላይ ይቀመጡ፤ ግቡ የሚላቸው ስላጡ ይሆናል። አንተ ግን ባሏ ነህ! ድንጋይ ነህ እንዴ አባዬ? ለምን እምቢ እንዳለች እንኳ አልጠየቅካትም።»

«ድምጿን ስለምትወድ ነዋ። ማን የማይወድ አለ?» አለ። መቁረጫውን ላምባ ውስጥ ነከረና መጫር ጀመረ።

«ድምጿን ነው ያለህ ማነው? ላንተ ብላ ነው!»

እጁ መንገዱን አልለቀቀም።

«እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር፤ ይኸው ልንገርህ፤ ኃጢአቱ በኔ ይሁን። ‹አባትሽ ይረሳል› አለችኝ። ‹ካገባሁት ጀምሮ ይረሳል። ከበር ላይ ቆሞ ይፈዛል። ምን ረሳህ ብዬ ካልጠራሁት መንገዱም ይጠፋዋል። እያረጀ ነው፤ ይብስበታል። ድምፅ የሌላት ሚስት ምን ታደርግለታለች? በማጨብጨብ ልትመልሰው ነው?› አለችኝ። እንዲህ ነው ያለችኝ አባዬ። አንተን ሜዳ ላይ ላለመጣል ነው የምትሞተው።»

መስታወት ቆራጩ መቁረጫውን ከመስመሩ ጫፍ አነሳ። ከዚያ የት እንደደረሰ የጠፋው ይመስል፣ በዚያው መስመር ላይ እንደገና ሄደ። መስታወቱ ማንም ሳይነካው ጮኸና ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ።

ልጁ አባቷን አየች። እድሜዋን ሙሉ አንድ መስመር ሲደግም አይታው አታውቅም።

«አባዬ…?»

«ይኸኛው የመስታወቱ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ይኸኛው የኔ ነው።»

መቁረጫውን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጋ፤ ጫማ ጠጋኙ መርፌውን ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጃንጥላውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ። በመንገዱ ለማንም «ቀስ» አላለም።

ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የኮቱን ቁልፍ ትተክል ነበር። በዚያ ሰዓት ስታየው ደነገጠች።

«ምን ረሳህ?»

«ምንም» አለ ለልማዱ። ከዚያ በርጩማዋን አንሥቶ ከፊቷ አስቀመጠና ተቀመጠባት። «ምንም። ስሚኝ፣ የኔ እመቤት። ምንም ረስቼ አላውቅም። አንድ ቀንም።»

«ኧረ? ታዲያ ጠዋት ጠዋት የሚያፈዝህ ምንድን ነው?»

ነገራት። ስለ ሽማግሌው አስተማሪ፣ ስለ ቁም ሣጥኑ፣ ሽማግሌው ላለማየት ስለታገላት ፎቶግራፍ ሁሉ ነገራት። ስለ ውሰቱ ሲነግራት ግን ዓይኑን ወደ ጃንጥላው አሸሸ። እሷ መርፌዋን ኮቱ ላይ እንደሰካች ሰማችው። ሲጨርስ ፊቷ መጀመሪያ ገረጣ፤ ቀጥሎ ቀላ።

«ስትቀብረኝ ኖረሃል በለኛ!»

«አልቀበርኩሽም፤ ተሰናበትኩሽ እንጂ።»

«ጠዋት ጠዋት! ገና ሙሽራ ሳለሁ! ቁርስህን አብልቼህ፣ አፌን እንኳ ሳልጠርግ፣ አንተ ከበሩ ላይ ቆመህ ነፍስ ይማር ትለኛለህ! አንተ ሰው፣ ለምን አንድ ቀን ሞቼ አላሳረፍኩህም?»

«እሱ ነው እኮ ደስታው» አለ። «ማታ በሩን ከፍቼ ስገባ አለሽ።»

 ኮቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ደባበሰችው።

«ለዚህ ነው?» አለች ድምጿ ሰልሎ። «ማታ ስትገባ ፊትህ እንደዚያ የሚበራው ለዚህ ነው? እኔ እራቱ ሸቶህ ይመስለኝ ነበር።»

«እራቱም መልካም ነው።»

«ጃንጥላውስ?»

«በርጩማው ላይ ስላስቀመጥሽው ነዋ።»

«በበጋም?»

«በበጋም።»

«ሰው ምን ይልሃል?»

«እብድ።»

ሳቋ መጣ። ሳቁ ሳል ሆነባት። ውሃ አቀበላት፤ ጠጣች፤ እንደገና ሳቀች። ዓይኗን በኮቱ እጅጌ ጠረገችና፣ «የበረንዳ ሰዎችህ ግን ሚስት አልነበራቸውም እንዴ?» አለች።

«ባሪያው አላገባም ይባላል። ንጉሡ ነበረችው። ብዙ ልጆቹንም ቀብሯል።»

«እና ቻለው?»

«እኔ እንጃ። ሊችለው ሲታገል የኖረ ይመስለኛል።» እጇን ያዘ። ስቱኮ ያደረቀው ሻካራ መዳፉ ውስጥ እጇ ትንሽ ሆነች። «ውሳኔው ያንቺ ነው። አሁንም እንዲያው ነው የምለው። ግን እኔን ብለሽ ከሆነ እምቢ ያልሽው፣ እኔ መንገድ አይጠፋኝም። ድምፅሽን እወደዋለሁ፤ ከተማው ሁሉ ይወደዋል። እኔ ግን ከበሩ ላይ ዞር የምለው ልሰማሽ አልነበረም። ላይሽ ነበር።»

መስኮቱ ላይ ዝንብ ጥዝዝ ትላለች። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ቁልፉን ተክላ ጨረሰች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ስንት ዘመን ‹ምንም› ስትለኝ አንድ ቀን እንኳ አልዋሸህም ማለት ነው» አለች። «እንዲህ ያለ እውነተኛ ውሸታም አይቼ አላውቅም። ስልኩን አምጣልኝ።»

«ለሐኪሙ እኔ ልደውልለት?»

«እኔው ልደውል። ድምፄ ሳለ።»

እስከ ቀጠሮው የነበሩትን ቀናት ስታወራ ዋለች፤ ስታወራ አመሸች። ልጇ ድምጿን በስልክ ልቅዳው ብትላት፣ «ገና አለሁ እኮ፤ ምን አስቸኮለሽ» ብላ አባረረቻት። የሩቅ ዘመድ ሁሉ ስልክ ተደወለለት። በአጥር ተጣልታ ለዓመታት ካኮረፈቻት ጎረቤቷ ጋር እንኳ የቀረውን ጠብ በቃል ተጣልታ ጨረሰችና ታረቀች። ባሏ ሱቁን ግማሽ ቀን እየዘጋ ከጎኗ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። የሚሰማውን አያስታውሰውም፤ ዝም ብሎ ይሰማል፣ ጣራ ላይ ዝናብ እንደሚሰማ ሰው።

ቀኑ ደረሰ። በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተጋድማ ነጭ ልብስ ለብሳ በረጅሙ ኮሪደር ሲገፏት፣ በሻከረውና በቀረው ድምጿ፣ «ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የምትሄድ መንገደኛ ዕቃዋን አስረክባ ተሳፍራለች፤ ሸኚዎች ከመስመሩ ወዲያ ይቁሙልን» አለች። አልጋውን የሚገፋው ሠራተኛ ቆም አለ። «ይህን ድምፅ የት ነው የማውቀው?» አለ። ልጇ እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሠራተኛው አልጋውን ሊያዞር ቆመ። ያን ጊዜ ሚስቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ባሏን አየችው። ዝም ብላ፣ ከጠጉሩ እስከ ጫማው። ያ አስተያየት የምን እንደሆነ ያወቀው እሱ ብቻ ነው።

«ምን ረሳሽ?» አላት።

«ምንም» አለች።

በሩ ተዘጋ። መስታወት ቆራጩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጁ አባቷ ሲያለቅስ አይታ ስለማታውቅ የምትይዘው ጠፋት፤ ክንዱን ያዘች፣ ጃንጥላውን ያዘች።

«አባዬ… የበረንዳ ሰዎችህ ምን ይሉሃል?»

«አንዱ» አለ በመሐረቡ ፊቱን እየጠረገ፣ «መርከብ ላይ ማዕበል ሲመታቸው ፊቱ እንደ ሌላው ሰው ገረጣ ይላሉ። ጠየቁት። ፊቴ አይታዘዘኝም አለ፤ የሚታዘዘኝ ከዚያ በኋላ የማስበው ነው አለ። ሽማግሌው ነግሮኝ ነበር። እኔ ያንን ክፍል በደንብ አልሰማሁትም መሰለኝ።»

«ድንጋይ ነህ ያልኩህን ይቅር በለኝ።»

«መስታወትም እኮ ከአሸዋ ነው የሚሠራው ልጄ» አለ፤ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ።

ዕጢው ወጣ። ድምፁም ወጣ። የተባለው ሁሉ እንደተባለው ሆነ። ቀላል ነበር ብሎ የሚያወራ ግን አያውቃቸውም። ቤት በገባች ሰሞን ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውል ነበር። አንድ ቀን የምትፈልገውን ባሏ አልገባው ሲል የያዘችውን ብርጭቆ ወረወረችው። ብርጭቆው በሩ ላይ ተከሰከሰ። እሱ ተንበርክኮ ስብርባሪውን እስከ ትንሿ ድረስ በእጁ ለቀመ። እድሜውን ሙሉ ሲናገራት የኖረችው ቃል እስከ ምላሱ ጫፍ መጣች፤ ዋጣት። ሚስቱ ከአልጋው ላይ ሆና መዋጡን አየች። ከአልጋው ወርዳ ከጎኑ ተንበረከከችና የቀረውን አብራው ለቀመች።

ሱቁ ተከፍቶ መዋል ያለበት ቀን መጣ። ጠዋት ቁርሱን በላ። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ አንገቷ ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥማ፤ ጣቷ ላይ የጋብቻ ቀለበቷ፣ ከሕመሙ ወዲህ ላልቶባት በክር የጠበቀ። ፀሐይዋ እንደ ጥንቱ ግማሽ ፊቷ ላይ አርፋለች። መስታወት ቆራጩ ወደ በሩ ሄደ። በርጩማዋን አየ። ቁልፉም መሐረቡም መነጽሩም የሉባትም፤ የማይረሳ ሰው መሆኑ ታውቋልና ከየቦታቸው ራሱ አንሥቶ በኪሱ ይዟቸዋል። በርጩማዋ ላይ የተቀመጠው ጃንጥላው ብቻ ነው።

ከበሩ ላይ ዞር አለ።

ዝም።

ክፉ ነገርን ሁሉ አስቀድሞ ሲለማመድ ኖሮ ነበር። ሱቁ ሲቃጠል፣ እጁ ሲቆረጥ፣ እሷ ስትሞት፣ ሁሉንም በልቡ አስቀድሞ ኖሮታል። ይህችን ግን፣ እሷ እዚያው ተቀምጣ፣ ፀሐይዋ እዚያው አርፋ፣ ጥያቄው ብቻ የጎደለበትን ጠዋት አላሰበውም ነበር። መቆሙንም መሄዱንም አጣው። እግሩ ደፉ ላይ ቀረ።

ሚስቱ አየችው። እጇን አነሣችና በቀለበቷ መስኮቱን መታች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

መስታወቱን እሱ ራሱ ነው የቆረጠው፤ ያገቡ ዓመት ነው ያስገባው። ድምፁ ጥርት ብሎ ጠራ፣ ቤቱን ሞልቶ ቆየ፤ እንዲህ የሚጠራው ውስጡ ስንጥቅ የሌለበት ብቻ ነው። ቅንድቧን ወደ ላይ አድርጋ መልሱን ትጠብቅ ነበር፤ ልክ እንደ ጥንቱ፣ የማታምነው መስላ።

«ምንም» አላት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልነበረውም፤ ግን ስለ አንድ መንገደኛና ስለ ዕቃው እንደሆነ ለማወቅ ድምፅ አላስፈለገውም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ አንዲት ደመና የለችበትም። ጃንጥላውን ይዞ ወጣ።